ግማሽ ስፍር

የሰንበሌጡ ነዶ ከወትሮው ነዶ ይከብድ ነበር። ማፑሌንግ ግን አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ በእጇ እንኳ ሳትደግፈው፣ ቁልቁለቱን ወደ ወንዙ መሻገሪያ ወረደች። ሳር ተሸክሞ የሚሄድን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያይም። ሳር ከብዶት የሚንገዳገድን ግን ያየዋል።

ከመሻገሪያው አፍ ሦስት ፈረሰኞች ቆመዋል። የለበሱት የመንግሥት ካፖርት ነው፤ ፊታቸው ግን እንደ ራሷ ፊት የባሶቶ ፊት ነው። ይኼ ነው ከሁሉ በላይ ያናደዳት። ነጭ ወታደር ቢያስቆማት ጠላት አስቆመኝ ትል ነበር።

«ምሜ፣ ወዴት ነው?» አለ አስር አለቃው። እናቴ ማለቱ ነው፤ ጨዋ አሳድጎታል።

«ሳር ይዤ ወዴት እሄዳለሁ? ወደ ቤት ነዋ።»

«በዚህ ጊዜ ቤት የሚከድን ማን ነው? አገሩ ሁሉ እየነደደ!»

«የነደደበት ነዋ የሚከድነው! እናንተ ታቃጥላላችሁ፣ እኛ እንከድናለን። ሁላችንም ሥራ እንዳንፈታ ተስማምተናል።»

ሁለቱ ወታደሮች ሳቃቸው አመለጣቸው። አስር አለቃው ግን አልሳቀም፤ አላፈረምም። ነዶውን ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያም የደፈረሰውን ወንዝ አየ።

«ውሃው ሞልቷል። ያንን ይዘው ቢያዳልጥዎ ይወስድዎታል። ያምጡት፣ በፈረሴ ላሻግርልዎ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ክፋት ቢሆን መልስ ነበራት። ደግነትን ግን አልጠበቀችም። ነዶው መካከል፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ የሟች ባሏ ሰናድር ተኝቷል። ክብደቱን እጁ ላይ ካሳረፈች አለቀላት።

«ተው ልጄ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ባሌን የቀበርሁ ሴት ነኝ። የመበለት ሸክም የጫነ ፈረስ ጌታውን ይዞ አይመለስም ሲባል አልሰማህም? ካልሰማህ እንካ፣ ውሰደው።»

እንደዚያ ሲባል እሷም ሰምታ አታውቅም። አስር አለቃው ግን እጁን ሰበሰበ፣ ፈረሱንም አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አስኬደ። ማፑሌንግ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ውሃው ውስጥ ገባች። ማዶ እስክትወጣ ድረስ ጀርባዋ ላይ ዓይናቸው ይሰማት ነበር። ማዶ ስትወጣ ግን የያዛት ፍርሃት አልነበረም፤ ንዴት ነበር።

ያ ጠመንጃ እንዴት እንደመጣ እሷ ታውቃለች። ባሏ ሞኬቲ ወደ ኪምበርሌይ የአልማዝ ጉድጓድ የወረደው ጥሪ ሰምቶ ነው። የሠራተኛ ሰብሳቢዎቹ በየመንደሩ እየዞሩ «ኑ፣ ቆፍሩ፣ ጠመንጃ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ» ይሉ ነበር። ሄደ። እሷም ተከትላው ሄደች። የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ፣ አቧራ እየበላች፣ እሱ የጉድጓዱን ግድግዳ በገመድ ሲወርድ ሲወጣ አየች። ጠመንጃውን ገዛ። እንደገና ሲሄድ፣ ሰናድሩን ለእሷ ትቶ ሲሄድ፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ በላዩ ላይ ወደቀ። አሁን የነጮቹ የኬፕ መንግሥት ሕግ አወጣሁ ይላል፦ ባሶቶ ሁሉ ጠመንጃውን ለዳኛ ያስረክብ! ራሳቸው ሸጠው፣ ጉልበቱን ጠጥተው፣ አጥንቱን ቀብረው፣ «መልሱ»!

ይኼም ሳይበቃ ራሌፋ መጣባት። የባሏ ወንድም ነው። ዛሬ ጠዋት የማሽላ ገንፎውን እየበላ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው፣ «የወንድሜን ጠመንጃ ዛሬ ለዳኛው አስረክባለሁ» አላት።

«የማንን?»

«የወንድሜን። የወንድሜ ንብረት የኔ ነው፤ አንቺም በኔ ጥላ ሥር ነሽ። አስረክቤ የታማኝነት ወረቀት ካልያዝሁ ከብቶቼን ይነዱብኛል።»

ፈረሱን ሊጭን ወደ በረቱ ሲወጣ፣ ሰናድሩን ከአልጋው ሥር ጎትታ፣ ሕፃን ልጇ እንደሆነ ሁሉ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው፤ የሰንበሌጥ ነዶ መካከል ከተተችውና በጓሮ ወጣች። ልጇ ፑሌንግ ከተዳረች ቆይታለች፤ የሚይዛት ሰው አልነበረም።

የሌሮሌን ተራራ የያዙት አስረክቡ ሲባሉ አሻፈረኝ ያሉት ሰዎች ናቸው። መንገዱ ጫፉ ላይ ይጠብባል፤ እዚያ ላይ ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ክበዋል። ማፑሌንግ ካቡ ሥር ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ከላይ አንድ ረጅም ጎረምሳ ጠመንጃውን ደግፎ ቁልቁል አያት።

«ምሜ፣ ቤታችን ሰማይ ነው ክዳኑ፤ ሳር አንፈልግም» አለ።

«ውረድና ተቀበለኝ፣ አንተ ሰንበሌጥ የሚያህል!»

ሴፋኮ ይባላል። እየሳቀ ወርዶ ነዶውን ሲቀበላት ክብደቱ ወደ ፊት ሳበው። ሳሩን ገለጥ አድርጎ ሰደፉን ሲያይ አፉን ከፈተ። ቀጥሎም እንደ ልጅ ጮኸ፦ «ሰናድር! ሰናድር ነው!»

ሰዎች ተሯሯጡ። አንዱ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት፣ አንዱ ውሃ አመጣላት፣ ሌላው ደግሞ ጠመንጃውን አንስቶ ይዞት ሊሄድ ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ለሞሬና ጾሎ ነዋ። ጠመንጃ ሁሉ የሚገባው ለእሳቸው ነው፤ እሳቸው ያድሉታል። እግዜር ይስጥሽ እቴ። ምግብ የሚያበስሉት ሴቶች ከዚያ ዋሻ ናቸው፣ ሄደሽ ዕረፊ።»

ማፑሌንግ የጠመንጃውን ማንገቻ ያዘች። ሰውየው ጎተተ። እሷም ጎተተች። ሴፋኮ በመካከል ገብቶ፣ «ሁለታችሁም ያዙት፤ ሞሬና ይፍረዱ» ባይል ማንገቻው ይበጠስ ነበር።

ሞሬና ጌታ ማለት ነው፤ ጾሎም የዚያ ተራራ ጌታ ናቸው። ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ የነብር ቆዳ አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ሸንጎው በዙሪያቸው ነው። ወፍራም፣ ዝግ ያሉ፣ ንግግር የሚያሳምሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰሙና ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ጀግና ነሽ። ተራራው ያመሰግንሻል። ጠመንጃሽን ለአንድ ብርቱ ወንድ እሰጠዋለሁ።»

«ያ ጠመንጃ አይሰጥም፣ ሞሬና።»

«እንዴት?»

«ላስረክብ ብል ዳኛው ቅርቤ ነበር! ቁልቁለት ነው መንገዱ፤ ውሃም አልሻገርም፣ አንገቴም አይቀጭም ነበር። ከዳኛው የሸሸሁት ለእርስዎ ላስረክብ ነው እንዴ? አበድራለሁ። ለማን እንደማበድር እኔ ነኝ የማውቀው። ጥይቱንም የምሞላው እኔ ነኝ። በሰው እጅ የተሞላ ጥይት በባሌ ጠመንጃ አይገባም።»

ሸንጎው ተንጫጫ። ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉ «አፏን ዝጉላት» አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ከሞሬናው ጎን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ራፎሎ ይባላሉ፤ የሴፋኮ አባት፣ የባሩዱም ጠባቂ ናቸው። መዳፋቸው እስከ አንጓው ጠቁሯል።

«ሴት ልጅ የጦር ባሩድ አትነካም» አሉ። «እኔ በዚህ መዳፌ ባሩድ ስሰፍር እናትሽ አልተዳረችም።»

«ንታቴ፣ አባቴ ነዎት፣ አከብርዎታለሁ። መዳፍዎ ግን ጠዋትና ማታ አንድ ነው? ሲደርቅና ሲያልበው አንድ ነው? ባሌም በመዳፉ ነበር የሚሰፍረው። ሁለት ጣቱን ከሄደበት አልመለሳቸውም።»

ጾሎ እጃቸውን አነሡ፤ ጫጫታው ቆመ። ጥይት የሚሞላ እጅ እንደሚያንሳቸው ያውቃሉ። ጠመንጃው ከእሳቸው ድንጋይ ጋር ተደግፎ እስኪፈረድ ይቆይ፣ ሴቲቱ ግን ከዋሻው ውጪ ተቀምጣ ትሙላ፣ ብለው ቆረጡ። ራፎሎ ከሸንጎው ተነሥተው ሄዱ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማፑሌንግ ነፋስ በማይደርስበት ዓለት ሥር የበሬ ቆዳ አነጠፈች። እሳት ከዚያ እንዲርቅ አደረገች፤ አንድ ሽማግሌ የሚጤስ ፒፓውን ነክሶ ሲቀርባት በዱላ አባረረችው። ከደረቷም የቆዳ ከረጢት አወጣች። ከውስጡ የወጣችው ትንሽ ሚዛን ናት፤ አልማዝ ገዢዎች የሚመዝኑባት፣ ሳህኖቿ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጡ። አንዱ ሳህን ስለ ተጨረማመተ ገዢው የጣላትን ሞኬቲ ከቆሻሻ ላይ አንሥቶ አቅንቷት ነበር። ከከረጢቱ ሌላ የወጣው ዕቃ ከአሮጌ ቀለህ ተቆርጦ የተሠራ፣ የሸንበቆ እጀታ የተዋደደለት መስፈሪያ ነው።

ሴፋኮ ከጥበቃው ሲወርድ መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። መስፈሪያውን ባሩድ ውስጥ ነክራ ታወጣለች፣ አፉን በላባ ጠረግ ታደርገዋለች።

«ነቅነቅ ቢያደርጉት ይሞላ የለ?»

«ለዚያ ነው የማልነቀንቀው። የተነቀነቀ ባሩድ ይተኛል፤ ሲተኛ ለሌላ ቦታ ይለቃል። አንዱን ነቅንቀህ አንዱን ሳትነቀንቅ ብትሞላ አንዱ በቅሎ አንዱ አህያ ይሆንብሃል።»

ከዚያ ወደ ሚዛኗ። በአንደኛው ሳህን ቁራጭ መዳብ አለ፤ በሌላው ባሩዱን ታፈሳለች። ጎደል ሲል በጣቶቿ ጫፍ ቁንጥር ትጨምራለች፤ ዘንበል ሲል በላባዋ ትቀንሳለች። እስትንፋሷን ሳይቀር ይዛ ነው የምትመዝነው። ሚዛኑ ሲቆም ባሩዱን ቀለሁ ውስጥ አፍስሳ፣ በውታፍ ደፍና፣ እርሳሱን ትተክልበታለች።

«ይኼ ሁሉ ለአንዲት ተኩስ?» አለ ሴፋኮ።

«ትናንት የተኮስኸው የት እንዳረፈ ታውቃለህ?»

«ነጩ ፈረስ ላይ አነጣጥሬ… ጉንዳን ኩይሳ ላይ አረፈ።»

«ጉንዳኖቹ ምን በደሉህ?»

እየሳቀ ሄደ። ሲሄድ ዞር ብሎ፣ «አባቴን አይቀየሟቸው ምሜ፤ ልባቸው ቅን ነው፣ አንገታቸው ነው ደንዳና» አላት። ወደደችው።

በማግስቱ ጠዋት ሞሬና ጾሎ መጡ። ቆዳው ላይ የተደረደሩትን ጥይቶች በዓይናቸው ለቀሙና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይኼ ብቻ?»

«ባሩዱ ይኼን ያህል ነው የሚሞላው።»

«አይደለም። ከአንዱ ስፍር ሁለት ይወጣል። በየቀለሁ ግማሽ አድርጊ።»

የቀለዱ መስሏት ነበር። ቀና ብላ ስታያቸው ግን ቀልድ አልነበረም።

«ሞሬና፣ ግማሽ ጉልበት ያገኘ እርሳስ መንገድ ላይ ይቀራል። ቱቦው ውስጥ ተወትፎ ይቀራል። ተኳሹ በግርግር አያውቅም፤ ሌላ ያጎርሳል። ሁለተኛው ከኋላ ሲመጣበት መውጫ የለውም፤ ብረቱ ይቀደዳል። የባሌን ጣቶች የበላው ይኼ ነው። በመዳፍ ሰፍሮ፣ ጎድሎበት፣ በሰው ጠመንጃ።»

ጾሎ ድምፃቸውን አላነሡም። አጠገቧ ቁጢጥ አሉ፤ እንደ አባት።

«ስሚኝ ልጄ። ዝናሩ ባዶ የሆነ ወንድ ካብ ላይ አይቆምም፤ ይሸሻል። ዝናሩ የሞላ ወንድ ይቆማል። ጠላት ነገ ነው የሚመጣው። የሚያስፈልገኝ የሚቆም ወንድ ነው። ደግሞም በየተራራው ላሉት ወንድሞቼ ዝናራችን ሙሉ ነው ብዬ ልኬአለሁ።»

«እንግዲያስ ጠጠር ይሙሉበት! ዝናር ለማስመሰል ጠጠርም ይበቃል፤ ጠጠር ደግሞ ሰው አይገድልም!»

በዙሪያው የነበሩት ደነገጡ። ጾሎ ተነሡ። ፊታቸው ላይ አባትነት አልቀረም።

«ራፎሎ!» አሉ። «ቆዳውን ከነባሩዱ ውሰድ። እንዳልሁህ ሙላ።»

ማፑሌንግ ቆዳው ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሰዎች በብብቷ ይዘው አነሷት። ጮኸች። እንደዚያ ጮኻ አታውቅም፤ ባሏ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አልጮኸችም። «ብረቱ ይቀደዳል! ስሙኝ! ልጆቻችሁን ታስፈጃላችሁ!» ተራራው ድምፅዋን መልሶ አስተጋባ። ካቡ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩ። ራፎሎ አንገታቸውን ደፍተው ባሩዱን ይሰበስቡ ነበር። ለአፍታ ቀና ብለው አዩዋት። የሚናገሩ መስሏት ነበር። አልተናገሩም። ጌታ ያዘዘው ነገር ነው።

እሷ አስቀድማ የሞላቻቸው ጥይቶች አልተፈቱም ነበር፤ በዚያው ከሌላው ጋር ተደባልቀው ሊታደሉ ሲሉ፣ ጥቂቱን በቀሚሷ እቅፍ አድርጋ አመለጠች። ወደ ሴፋኮ ሮጠች።

«እንካ። በእነዚህ ተኩስ። ዝናርህ ውስጥ ያለውን ጣለው።»

ሴፋኮ ጥይቶቹን አየ። ከዚያ ዝናሩን አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«አባቴ በእጃቸው የሞሉልኝን ጥዬ? በሰው ፊት? ምሜ፣ ከዚያ በኋላ ምን ፊት ይኖራቸዋል?»

«ፊታቸውስ ይቅር፤ እጅህ ይኑር!»

«አይሆንም» አለ። ጉልበቷን በሁለት እጁ ዳሰሰ፤ ለእናት እንደሚደረገው። «ለጠመንጃዎ ያስቀምጡት። ይፈረድልዎታል።»

ጠላት በማግስቱ ፀሐይ ከፍ ስትል መጣ። በፈረስም በእግርም ነበር፤ ከሥር ያለውን ሜዳ ሞልቶት። እግረኛው ከፊት፣ ፈረሰኛው ከኋላ ሆኖ ጠባቡን መንገድ ያዘ። ካቡ ላይ ያሉት ተኮሱ። ማፑሌንግ ከዋሻው አፍ ሆና ድምፁን ትሰማ ነበር፤ በዓይን ሳይሆን በጆሮ መለየትን ነው ባሏ ያስተማራት። ሙሉ ስፍር ሲተኮስ ድምፁ ይሰነጥቃል። ይኼኛው ግን ያስላል። የደረት በሽታ እንደያዘው ሰው ያስላል። እርሳሱም እንደ ደከመው ወፍ በግማሽ መንገድ አቧራ ያስነሣል። ከታች ያሉት ይኼን አይተው ደፈሩ፤ ሲሳሳቁ እንኳ ይሰማል።

ከዚያ አንድ ሳል መጣ፣ ከሌሎቹ ያነሰ። እርሳሱ አቧራ አላስነሣም። የትም አላረፈም።

«ቁም!» ብላ ጮኸች ማፑሌንግ። እየሮጠች ነበር። «የተኮሰው ማን ነው? እንዳታጎርሱ! እንዳታጎርሱ!»

ፍንዳታው ከካቡ መካከል ነው የመጣው።

ሴፋኮ በጀርባው ወድቆ ነበር። ጠመንጃው እንደ ተላጠ ሸንበቆ ተከፍቷል። ግራ እጁ አልነበረም፤ ፊቱም በአንድ በኩል የሚታይ አልነበረም። ማፑሌንግ ራሱን አቅፋ ብርድ ልብሷን ቁስሉ ላይ ጫነች። ጎረምሳው በቀረው ዓይኑ ፈለጋት።

«አባቴ…» አለ። «አባቴ ከየት ናቸው? አይዩኝ።»

አባቱ ከኋላዋ ቆመው ነበር።

ያን ዕለት ተራራውን ያዳነው ጥይት አልነበረም። ሰዎቹ ካቡን እያፈረሱ ድንጋዩን ቁልቁል ለቀቁት፤ ፈረሶቹ በረገጉ፣ ጠባቡ መንገድ ተዘጋ፣ ከሰዓት በኋላም ዶፍ ወረደ። ጠላት ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። ዶፉ ሲያባራ ሴፋኮ ሞቶ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞሬና ጾሎ ሸንጎ ጠሩ። ሬሳው በበሬ ቆዳ ተሸፍኖ ከፊት ተኝቷል። የማፑሌንግ ሰናድር እዚያው ከድንጋያቸው ጋር ተደግፏል። ሰዎቹ ደክመዋል፤ ደግሞም ጥይቱ ለምን እንዲያ እንዳሳለ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ጾሎ ይኼን ሰምተዋል።

«ወንድሞቼ» አሉ፤ ድምፃቸው ያዘነ ነበር። «አባቶቻችን ሴት የጦር ባሩድ አትንካ ያሉት በከንቱ አይደለም። እኔ ርኅራኄ ይዞኝ ፈቀድሁ። ጥፋቱ የኔ ርኅራኄ ነው። ሴት ነካችው፤ ባሩዱ ተበላሸ፤ አንድ አንበሳ አጣን። እንግዲህ ጠመንጃው እዚህ ይቅር፤ እሷም ወደ መጣችበት ትውረድ።»

ማፑሌንግ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። የሴፋኮ ደም ቀሚሷ ላይ ገና አልደረቀም።

«እኔ?» አለች። ተነሣች። «እኔ ነኝ? እኔን በብብቴ ጎትተው ካነሡኝ በኋላ የተሞላውን? ግማሽ አድርጊ ያለኝ ማን ነው? ጠጠር ይሙሉ ያልሁት ለማን ነው? እናንተስ? ስጮህ ካቡ ላይ ቆማችሁ የሰማችሁ! ጆሮ የላችሁም? ዳኛው ከታች ሆኖ ይዘርፈኛል፤ እናንተ ከላይ ሆናችሁ ታዋርዱኛላችሁ፤ ሬሳ አስተኝታችሁ ታዋርዱኛላችሁ!»

«ይበቃል» አለ አንዱ። «ሞሬና ተናግረዋል» አለ ሌላው። ብዙዎቹ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። እውነቱን የሚያውቅ ብዙ ነበር፤ የሚናገረው ግን አልነበረም። ሁለት ሰዎች ሊወስዷት ተነሡ።

«ተዋት።»

ራፎሎ ናቸው። ከልጃቸው ራስጌ ተቀምጠው ነበር። ሲነሡ አንዱ ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ፤ ገፉት። የጠቆረ መዳፋቸውን ለሸንጎው ዘረጉ።

«የልጄን ዝናር የሞላሁት እኔ ነኝ» አሉ። «በዚህ እጄ። ግማሽ ግማሽ አድርጌ። ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት፣ ሞሬና። ሴቲቱ ጮኻ ነበር። እኔ ሰማሁ፤ እርስዎም ሰሙ። እኔ ዝም ያልሁት ኩራት ይዞኝ ነው። ከመዳፌ በላይ የምታውቅ ሴት እንዴት ትመጣለች ብዬ።»

«ራፎሎ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርህ» አሉ ጾሎ።

«አዎን፣ ሐዘን ነው! ሐዘን ባይኖር ይኼን ጊዜም ዝም ብዬ ነበር። ልጄን ነገ እቀብረዋለሁ። በላዩ ላይ አፈር እጭናለሁ። ውሸት ግን አልጭንበትም። የእርስዎን ውሸት ተሸክሞ ወደ አባቶቹ አይሄድም!»

ከዚያም ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ፣ «እውነት ነው፤ እኔም ሰምቻለሁ» አለ። ሌላ ተከተለ። «እኔ ነኝ በብብቷ የያዝኋት» አለ ሦስተኛው። ባሶቶ በሸንጎው ላይ መናገር ከጀመረ አይመለስም። ጾሎ ዙሪያቸውን አዩ። ሕዝብ የሌለው ሞሬና ሞሬና እንደማይባል የሚያውቁ ሰው ናቸው። ትንፋሻቸውን ስበው፣ «ጠመንጃውን ስጧት» አሉ።

አንድ ሰው ሰናድሩን አንሥቶ አመጣላት። ማፑሌንግ እጇን አልዘረጋችም።

«አልቀበልም።»

«ምን?»

«ዳኛው ‹አምጪ› አለኝ። የባሌ ወንድም ‹የኔ ነው› አለኝ። እርስዎ ደግሞ ‹ስጧት› ይላሉ። የራሴን ለራሴ የሚሰጠኝ ማን ነው? ባሌ በጉድጓድ የቀረበት ነው፤ የማንም ስጦታ አይደለም። ‹የራሷ ነው› ይበሉ።»

ጾሎ ለጉረሮአቸው የሚሉት ይመስል ዝቅ አድርገው፣ «የራሷ ነው» አሉ።

«ጆሮዬ ያረጀ ነው» አሉ ራፎሎ። «አልሰማሁም።»

«የራሷ ነው!» አሉ ጾሎ ጮክ ብለው፤ ተነሥተውም የነብር ቆዳቸውን ሳያነሱ ሄዱ።

ማፑሌንግ ጠመንጃዋን ተቀበለች። አላመሰገነችም። ሸንጎው ሲበተን እሷ ሄዳ ከሬሳው ግርጌ ተቀመጠች፤ ራፎሎ ከራስጌ። ከታች፣ ከሜዳው፣ የጠላት ሰፈር እሳት እዚህም እዚያም ይበራ ጀመር። ንዴቷ አልበረደም፤ የምታወርድበት ሰው ብቻ ነበር የጠፋው። የተሸፈነውን ቁመት አየች። ሰንበሌጥ የሚያህል ብላው ነበር።

«ነገ ይመለሳሉ» አሉ ሽማግሌው።

«ይመለሳሉ።»

«ስንት ባሩድ ቀርቶናል?»

«ትንሽ፣ ንታቴ። በጣም ትንሽ።»

ራፎሎ የጠቆረ መዳፋቸውን በእርጥቡ ሳር ላይ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ፤ አልነጻላቸውም።

«እንግዲያው ጥቂት እንሞላለን» አሉ። «ጥቂት፤ ግን ሙሉ።»